«ዲስክ አይሻግትም»

«ጋሼ፣ ዲስክ እኮ እንጀራ አይደለም፤ አይሻግትም!»

ይህን ያለኝ እዚሁ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የሚያክም ወጣት ነው። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልናገርም። ልጁ ሥራውን የሚወድ፣ እጁ የማያርፍ ነው፤ ደግሞም ሐሳቡ የእሱ ብቻ አይደለም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ስሰማው ኖሬአለሁ። እሱ ግን እንጀራን ጨመረበት። እንጀራን ባይጨምርበት ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ገጽ ደብዳቤ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ፍላሼ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ተነቅሎ ሲመለስልኝ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ። ልጁ ሳቅ አለና፣ «ችግር የለም፣ ሬስኪው ዲስክ አለን» ብሎ ከግድግዳው ሚስማር ላይ አንድ ሲዲ አወረደ። ላዩ ላይ በማርከር «ሬስኪው 2006» ተብሎ ተጽፏል፤ በእኛው አቆጣጠር። ኮምፒውተሩ በዲስኩ ተነሣ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈተሸ፣ በመጨረሻም ምንም ቫይረስ አልተገኘም ሲል አበሰረን። ፍላሼን መልሼ ሰካሁት። ፎልደሮቼ አሁንም ሾርትከት ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን በጣቴ ሳሳየው ጊዜ ነው እንጀራውን የጠራብኝ።

እሺ፣ በእንጀራው እንከራከር። እንጀራ ሲሻግት ይናገራል። አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል፣ ሽታው ከሞሰቡ ክዳን አልፎ ይመጣል፤ የትኛዋም ባለቤት የሻገተ እንጀራ ለእንግዳ አታቀርብም። የዲስክ ሻጋታ ግን ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አያሸተውም። ፕላስቲኩ በ2006 እንዳብረቀረቀ ዛሬም ያብረቀርቃል። እንጀራ ቢሆንማ ኖሮ ገና ድሮ ለከብት በሰጣችሁት ነበር።

የሚሻግተው ዝርዝሩ ነው። ሬስኪው ዲስክ ኮምፒውተሩን በገዛ ዊንዶውሱ አያስነሣውም፤ ዲስኩ ላይ ባለች ትንሽ ሥርዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ፣ ያስነሣዋል። ዊንዶውሱ ስላልተነሣ ውስጡ የተሸሸገው ቫይረስም ተኝቷል፤ እንደተኛ ይያዛል። ብልሃቱ ግሩም ነው፣ ከብልሃቱ ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን የተኛ ሌባ ለመያዝ መልኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሌቦቹ መልክ የተመዘገበው ደግሞ ዲስኩ ላይ ነው። ያ መዝገብ ዲስኩ በርን በተደረገበት ቀን ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ የተወለደ ሌባ ሁሉ ለእሱ ጨዋ ሰው ነው።

ስንት ሌባ ተወለደ? ኤቪ-ቴስት የሚባለው የጀርመን ተቋም ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂና አጠራጣሪ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ይናገራል። በዓመት መስሏችሁ እንዳይሆን፤ በቀን ነው። ከ2006 እስከ ዛሬ ያለውን ማባዛት ለሒሳብ መምህራን ትቼዋለሁ።

2006 መቼ እንደሆነ ለዘነጋ ላስታውስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነበር። ዋናክራይ ዓለምን ያመሰው ደግሞ ግንቦት 4 ቀን 2009 ነው፤ በ150 ያህል አገሮች የሰው ፋይል ቆልፎ ማስፈቻ ገንዘብ ጠየቀ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማን ቀጠሮ ሰረዙ። የእኛው ዲስክ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዋናክራይ ፊቱ ቢቆም፣ «እንግዳ ነህ፣ ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ያስገባዋል። (እግረ መንገዴን፦ ትናንት የታደሰ ዲስክም ቢሆን ቆላፊውን ያባርራል እንጂ የተቆለፈውን ፋይል አይፈታም። ለእሱ መፍትሔው ባክአፕ ነው፤ ስለ መሥሪያ ቤቱ ባክአፕ ጠይቄ ያገኘሁትን መልስ ግን እዚህ አልጽፈውም፣ የልጁ እናት ታነበው ይሆናል።)

ይህን ነገር መንዝ ውስጥ ለማስረዳት መድከሜ ነው የሚገርመኝ። እዚህ አገር አምስት በግ ያላት ሴት የክትባትን ነገር ታውቃለች። የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒቱን በበረዶ ዕቃ ይዞ መምጣቱን ዓይታ ነው በጎቿን የምትሰጠው። «ከአሥር ዓመት በፊት የተረፈ ክትባት አለኝ፣ ጠርሙሱ አልተሰበረም» ቢላት በዱላ ነው የምትሸኘው። የዚያችው ሴት ልጅ ተምሮ፣ ዲግሪ ይዞ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን ጠርሙሱ ካልተሰበረ መድኃኒቱ ደህና ነው ይለኛል።

ክትባትና ክታብ ከአንድ ግስ የተወለዱ ናቸው፤ ከ«ከተበ»። ክታብ አንዴ ይጻፋል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከፍቶ የሚያነበው የለም፣ የሚያድሰውም የለም፤ ኃይሉ በመንጠልጠሉ ነው። ክትባት ግን ቀን አለው፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ይደገማል። ልጁ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ከማኖር ሚስማር ላይ መስቀሉ ለካ ያለ ነገር አልነበረም።

«ኔትወርክ የለም እኮ!» የሚለኝ ይኖራል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ለእኔ መንገር አያስፈልግም፤ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ያን ጊዜ ዲስክ አድሱ ማለት ቀልድ ነበር። ግን በ2006 የተዘጋጀ ዲስክ በ2007፣ በ2008፣ በ2010፣ በ2013 ያልታደሰው በየትኛው መዘጋት ነው? ከዚህ መሥሪያ ቤት ወደ ደብረ ብርሃን ለስብሰባ ወይ ለሥልጠና ሰው ሳይሄድ ያለፈ ወር አላውቅም። የውሎ አበሉ ይፈረማል፣ ፍላሹ በኪስ ይገባል። ሲመለስ ፍላሹ በፊልምና በመዝሙር ሞልቶ ነው። አዲሱ የሬስኪው ፋይል ደግሞ ከአንድ የህንድ ፊልም አይበልጥም።

ሠሪዎቹም ቢሆኑ አልደበቁንም። ዶክተር ዌብ የተባለው የሩሲያ ኩባንያ «ኪዩርኢት» የሚለውን መፈተሻውን ራሱን እንዲያድስ አድርጎ አልሠራውም፤ ባስፈለጋችሁ ቁጥር አዲሱን አውርዱ ነው የሚለው። የካስፐርስኪው ዲስክ ከተነሣ በኋላ ኢንተርኔት ካገኘ ዝርዝሩን ያድሳል። ዊንዶውስ 10ም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ ያለ ምንም ሲዲ፣ ራሱ ዳግም ተነሥቶ፣ ዊንዶውሱ ሳይከፈት የሚፈትሽበትን መንገድ በውስጡ ይዟል፤ እሱም ታዲያ የሚያውቀው በመጨረሻ አፕዴት የተደረገለትን ያህል ነው። አሮጌው ዲስክማ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ ቢነሣም አዲሱን ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላያየው ይችላል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የላቸውም።

የላቸውም ስል ልጁ በኩራት አንድ ነገር አሳየኝ። በዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ማንበቢያ ከአዲስ አበባ አስመጥቷል! ለአሮጌው ዲስክ አዲስ ማንበቢያ። ማንበቢያውን ያመጣለት ሰው በዚያው መንገዱ አዲሱን ፋይል በፍላሽ ቢይዝለት ኖሮ ዛሬ እኔና እሱ ስለ እንጀራ አናወራም ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም ዋናው ንዴቴ ገና አልወጣልኝም። ዲስኩ ባይኖር ኖሮ ያ ኮምፒውተር እንደ ታመመ ይቆጠር ነበር፤ «ፍላሽ አትሰኩበት» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፣ ሰውም ይጠነቀቅ ነበር። ዲስኩ ስላለ ግን «ምንም አልተገኘም» ተባለለት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ስድስት ሰው ፍላሹን ሲሰካበት ቆጥሬአለሁ፤ አንዷ መምህርት ነበረች፣ የተማሪዎቿን ውጤት ይዛ። ያረጀ ዲስክ አለማከሙን ይቅር እለው ነበር። የጤና ምስክር ወረቀት መስጠቱን ግን ይቅር አልልም።

ልጄ፣ ይህን ካነበብከው አትቀየመኝ። የሚቀጥለው የደብረ ብርሃን ስብሰባ ሲመጣ ባዶ ፍላሽ እኔ እገዛልሃለሁ፤ አዲሱን ፋይል ጭነህበት ናልኝ፣ ቀኑንም በማርከር ጻፍበት። የ2006ቱን ሲዲ ግን ለእኔ ስጠኝ። ገብሴ እያሸተ ነው፤ ማሳው ላይ ሰቅዬው ወፍ ያባርርልኛል።