ለጅምላ ኢሜይል ከማሽን ጉልበት የላኪ ተአማኒነት ይቀድማል

አንድ ዩኒቨርሲቲ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለሚገኙ አመልካቾች የምዝገባ ቀን በኢሜይል አሳውቆ መልእክቱ ስፓም ውስጥ ቢቀር፣ አመልካቹ የትምህርት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም የኢሜይል ሰርቨር ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ የማሽኑ ፍጥነት ሳይሆን የላኪው ተአማኒነት ሊሆን ይገባል።

ስሌቱም ይህንኑ ይደግፋል። 20,000 መልእክቶችን በ10 ሰዓታት ለማድረስ በደቂቃ 34 መላክ ይበቃል፤ ይህም ለመካከለኛ ሰርቨር ቀላል ሥራ ነው። ፖስትፊክስም ሆነ ኤግዚም ያለ ፈቃድ ክፍያ ይህን ያከናውናሉ። ሁለቱም የተቀበሉትን መልእክት እስኪላክ ድረስ በዲስክ ላይ ስለሚያቆዩ፣ በጀቱ ከተጨማሪ ፕሮሰሰር ይልቅ እርስ በርስ ለሚተካኩ ሁለት ኤስኤስዲ ዲስኮችና መብራት ሲቋረጥ ለሚያገለግል ዩፒኤስ ቢውል ይመረጣል።

ዋናው ፈተና ግን በተቀባዩ በር ላይ ነው። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጅምላ ላኪዎች ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ የተባሉትን የማንነት ማረጋገጫዎች እንዲያሟሉ ይጠይቃሉ። ለጂሜይል ጅምላ ላኪ የሚባለው በቀን ወደ 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ግል የጂሜይል አድራሻዎች የሚልክ ነው። የሰርቨሩ አይፒ ቁጥርም ወደ ተቋሙ ስም የሚመልስ መዝገብ ሊኖረው ይገባል፤ ይህም ቁጥሩን ከሰጠው የኢንተርኔት አቅራቢ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ሥራውን ለውጭ አገር አገልግሎት ሰጪ መስጠት ይቀላል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ክፍያው የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ የተቋሙን የጎራ ስም የማረጋገጥ ኃላፊነት በዚያም ቢሆን ከተቋሙ አይወርድም። የግዥ ሰነድ ከፕሮሰሰር ብዛት አስቀድሞ ይህን ኃላፊነት የሚወጣ ባለሙያ ሊጠይቅ ይገባል።