በኦቦክ ጠረፍ ለሚፈጸመው ግድያ የወንጀል መዝገብ ይከፈት



የካቲት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የዓድዋን ድል 125ኛ ዓመት ባከበርን ማግስት፣ ቢያንስ 200 ስደተኞችን ያጨቀች ጀልባ ገና ሳይነጋ ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ የመን ተነሳች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጓዘች አሻጋሪዎቹ «ሰው በዝቷል» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ወዲያውም 80 የሚሆኑ ተሳፋሪዎችን አስገድደው ወደ ባሕሩ ጣሏቸው። ቢያንስ 20ዎቹ ሞቱ። ዋኝተው ወደ ዳር የተመለሱት ኦቦክ በምትባለው ትንሽ የጠረፍ ከተማ ሕክምና ተደረገላቸው።

በአገራችን እንዲህ ያለው ነገር «የጀልባ አደጋ» ይባላል። ሐዘን ይገለጻል፣ ወጣቶች ከሕገ ወጥ ስደት እንዲቆጠቡ ይመከራል፣ ወሬው በሳምንቱ ይረሳል። እኛ ግን ይህን ቃል አንቀበለውም። ማዕበል የገለበጠው ጀልባ አደጋ ሊባል ይችላል። ሰውን ከነሕይወቱ ጥልቅ ባሕር ላይ መጣል በየትኛውም አገር ሕግ ግድያ ነው። በእኛም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ስም አለው፤ ከባድ የሰው ግድያ ይባላል።

በምርጫ ማኒፌስቶ ውስጥ ስለ ሰው አገር ጠረፍ ጸጥታ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በፓርቲያችን ውስጥም ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር። መልሳችን አጭር ነው፦ በዚያ ጠረፍ የሚገደለው የእናንተ ልጅ ነው። ለገዳዩ የሚከፈለው ገንዘብም የሚሰበሰበው በእናንተው ከተማ ነው።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከወልድያ፣ ከደሴ፣ ከከሚሴ ወይም ከባቲ የተነሳ ወጣት በሚሌና በሎጊያ አድርጎ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል። ጅቡቲ ከገባ በኋላ አብዛኛው ጉዞ በእግር ነው። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ በታጁራ በኩል ኦቦክ ይደርሳል። ከኦቦክ በስተሰሜን በጎዶሪያና በኮር አንጋር በኩል ወደ ባብ ኤል መንደብ የሚዘልቀው ዳርቻ ጥቂት ዓሣ አጥማጆችና አርብቶ አደሮች የሚኖሩበት ጭር ያለ ገጠር ነው። ማዶው የመን ነው፤ ወሽመጡ በጠበበበት ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። አሻጋሪዎቹም ይህን ዳርቻ የመረጡት ጭር በማለቱና ለማዶው በመቅረቡ ነው።

የአካባቢውን ሕዝብ አንወቅስም። የሰጠሙትን ከባሕር ሲያወጡ፣ ስማቸውን የማያውቋቸውን ሙታን ሲቀብሩ የኖሩት የኦቦክ ዓሣ አጥማጆችና ነዋሪዎች ናቸው። ለዚህ ውለታቸው ከአዲስ አበባ ምን ያህል ምስጋና እንደደረሳቸው መጠየቅ ግን ይገባናል።

የሆነውን በጥቂቱ እናስታውስ። ነሐሴ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በየመን ሻብዋ ጠረፍ አሻጋሪዎች 120 የሚደርሱ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችን ባሕር ውስጥ እንዲገቡ አስገደዱ፤ 50 የሚሆኑት እንደሞቱ ተገመተ። አብዛኞቹ ገና ልጆች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ያህል ነበር። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ አጠገብ ሰጥመው ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ብቻ፣ በዚያው ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በድምሩ ከ50 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። እነዚህ ደግሞ ከየመን ወደ አገራቸው ለመመለስ የተነሱ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይም ከየመን የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ኮር አንጋር አካባቢ ቢያንስ 45 ሰው አስጨርሰዋል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በማዶው በአብያን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ከ60 በላይ ኢትዮጵያውያንን ይዛ ሰጠመች።

ይህ ሁሉ የሆነው ጠባቂ በሌለበት ባሕር ቢሆን ባልገረመን። በጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና የጦር ሠፈሮች አሉ። የሶማሌ የባሕር ወንበዴዎች የንግድ መርከቦችን መጥለፍ ባበዙ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ውሳኔ ቁጥር 1816ን አሳለፈ፤ የጦር መርከቦች ከየአህጉሩ ተሰባስበው መጡ። በ2011 የሶማሌ ወንበዴዎች 237 ጥቃት እንዳደረሱ ተመዝግቧል። እያንዳንዱ መርከብ ስም አለው፣ የተጠቃበት ሰዓትና ቦታ ተጽፏል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ጥቃቱ ወደ ምንም ወርዷል። የጭነት ሣጥን ሲዘረፍ ፋይል የሚከፍት ዓለም፣ ሰው ሲወረወር ፋይል አይከፍትም ማለት ነው።

በእርግጥ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ይቆጥራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች በባሕር የመን እንደገቡ፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ያወቅነው በእርሱ ነው። ነገር ግን ድርጅቱ የሚቆጥረው ተሻጋሪንና ሬሳን ነው። ወንጀልን የሚቆጥረው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው። በዚያ ጠረፍ ስንት ግድያ፣ ስንት እገታ፣ ስንት አስገድዶ መድፈር ተፈጸመ ተብሎ ቢጠየቅ የኢትዮጵያ መንግሥት አውጥቶ ለሕዝብ የሚያሳየው መዝገብ የለም። የማይቆጠር ወንጀል ደግሞ አይቀንስም።

«ወንጀሉ የተፈጸመው በሌላ አገር ነው፣ እጃችን አይደርስም» የሚለውን ምክንያት ደጋግመን ሰምተናል። ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሲናገር መስማት ያሳፍራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 18 በውጭ አገር በኢትዮጵያዊ ላይ ወንጀል የፈጸመ ሰው፣ ድርጊቱ በሁለቱም አገር ሕግ የተከለከለና ከባድ ከሆነ፣ እዚያም ካልተዳኘ፣ በኢትዮጵያ ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ ተጠርጣሪው በእጃችን እንዲገባ ይፈልጋል። መልካም፤ ጀልባ ነጂው ማዶ ሊሆን ይችላል። ልጁን ከመንደሩ የመለመለው፣ ባቲ ላይ ያሳደረው፣ ሎጊያ ላይ ያስረከበው፣ ማስለቀቂያውን የተቀበለው ግን የት ነው ያለው? እዚሁ ነው፤ በገበያ ቀን ታገኙታላችሁ።

የማስለቀቂያውን ነገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የመን የባሕር ዳርቻ እንደደረሱ፣ በተለይ በራስ አል ዓራ አካባቢ፣ ስደተኞች በግቢ ውስጥ ይታገታሉ። ከዚያ እናት ቤት ስልክ ይደወላል፤ እየተገረፈ የሚጮኸውን ልጇን ታሰማለች። በሬ ይሸጣል፣ ወርቅ ይሸጣል፣ እድር ያዋጣል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ በር ይለመናል። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚገባው አገር ውስጥ ወዳለ የባንክ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ስም አለው፣ ፎቶግራፍ አለው፣ መታወቂያ ተያይዞበታል። አጋቹን ለመፈለግ ቀይ ባሕርን መሻገር አያስፈልግም፤ ዋናው መንገድ ላይ ያለው የባንክ ቅርንጫፍ ይበቃል። ነጋዴ ከውጭ የመጣለትን ገንዘብ ምንጭ እንዲያስረዳ የሚያስጨንቅ መንግሥት፣ ከአርባ የተለያዩ እናቶች ገንዘብ የገባለትን አንድ ሰው እንዴት ሊያየው አቃተው?

የጎደለው ሕግ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 እስከ ሞት ቅጣት ይደርስ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን በጽኑ ይቀጣል። ችግሩ የሚያዘው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ለጥቂት ብር መንገድ ያሳየ እረኛ ወይም አሽከርካሪ ነው። ትልቁ ዓሣ ሲያዝስ? በሊቢያ መስመር በዓለም የታወቀ አንድ አዘዋዋሪ አዲስ አበባ ላይ ተይዞ፣ በ2013 ዓ.ም. የካቲት ወር ለችሎት በቀረበበት አመለጠ፤ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በመጨረሻ የያዘው የሌላ አገር ፖሊስ ነው። ምስክር ደግሞ አይገኝም ይባላል። እንዴት ይገኛል? ደላላው የመንደር ሰው፣ አንዳንዴም ዘመድ ነው። ሁለተኛው ልጅ ገና በእርሱ ሰዎች እጅ ሳለ የትኛው አባት ፍርድ ቤት ቀርቦ ይመሰክራል?

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ደላላውን ቤቱ ጠርቶ ቡና የሚያፈላለት ወላጅም አለ፤ ልጁን ያሳደገበት መሬት አልበቃ ሲለው፣ ለፓስፖርት ደጅ ሲጠና ሲከርም፣ ሌላ በር ስላልታየው ነው። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን በአንድ መግለጫ ሲከለክል ጉዞው አልቆመም፤ እግዱ እስከተነሳበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ የኦቦክን ደላላ ደንበኛ ሲያበዛለት ኖረ። ሕጋዊውን በር የዘጋ መንግሥት ስለ ሕገ ወጡ መስኮት መስበኩ አያምርበትም።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ በጥብቅና ሥራችን በተደጋጋሚ ያጋጠመን ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከሄደ አምስት ዓመት አልፎታል። ሞቷል እንዳይሉ ሬሳ የለም፤ አለ እንዳይሉ ድምፁ የለም። ተዝካር ማውጣት ፈርተው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ማግባት አትችልም፣ በስሙ ያለው ይዞታ አይንቀሳቀስም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል ይላል። ይህን የነገራቸው የመንግሥት ሠራተኛ ግን አልነበረም። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ፖሊስ ሲመላለሱ፣ በመጨረሻ አንዱ «ራሱ ነው የሄደው፣ ምን እንርዳዎት?» አላቸው። ልጁ ምናልባት ኦቦክ ዳር ስም በሌለው መቃብር ውስጥ ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ ግን የሞከረ የለም።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ባሕር በር ብዙ ንግግር ሰምተናል። የባሕር በር ጥያቄ የአገር ጥያቄ መሆኑን አንክድም፤ በሌላ ገጽ እንመለስበታለን። ነገር ግን በባሕሩ ላይ መብት አለን የሚል መንግሥት አስቀድሞ በባሕሩ ላይ ለሚሞተው ዜጋው ይጠይቅ። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ስለ ወደብ ክፍያ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ነዳጅ ባለሥልጣኖቻችን ሲመላለሱ ይኖራሉ። የኦቦክን ጠረፍ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ተጨማሪ የአውሮፕላን ትኬት እንኳ አያስፈልግም።

ድምፃችሁን ሰጥታችሁን መንግሥት ብንሆን በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ለዚህ ጠረፍ ብቻ የሚሠራ የዐቃቤያነ ሕግ ክፍል እናቋቁማለን። በየጀልባው ሞት መዝገብ ይከፈታል፤ ከሞት ተርፈው የሚመለሱት አገራቸው እንደገቡ ቃላቸውን ይሰጣሉ፣ የምስክር ጥበቃም ይደረግላቸዋል። ከጅቡቲ ጋር በምናደርገው ስምምነት ኦቦክ ላይ የቆንስላ ጽሕፈት ቤት እንዲኖረን እንጠይቃለን፤ ሬሳ ሳይቀበር በፊት ፎቶግራፍና የማንነት ናሙና እንዲወሰድ፣ መቃብሩም ቁጥር እንዲኖረው እንደራደራለን። የማስለቀቂያ ገንዘብ የገባበት ሒሳብ በአቤቱታው ዕለት እንዲታገድ ባንኮችን የሚያስገድድ ደንብ እናወጣለን። የመጥፋት ውሳኔ የሚጠይቅ ቤተሰብ የዳኝነት አይከፍልም። የክፍሉ ኃላፊ በየስድስት ወሩ ለፓርላማ ቀርቦ ስንት መዝገብ እንደከፈተ፣ ስንቱን ለፍርድ እንዳደረሰ በቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ አስደንጋጭ ይሆናል፤ ያልተቆጠረው ሲቆጠር እንዲያ ነው፤ ያን ጊዜ «በእናንተ ዘመን ወንጀል ጨመረ» ብትሉን ትችት ችለን እንቀበላለን።

ጉዞው በአንድ የምርጫ ዘመን ይቆማል ብለን አንዋሽም። ሥራና መሬት የሚመለከተው ምዕራፍ ይቀራል፤ እርሱ ከዚህ ይከብዳል።

እስከዚያው መዝገቡን እኛው ጀምረነዋል። በየከተማው ባለው የፓርቲያችን ጽሕፈት ቤት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ተቀምጧል። የጠፋውን ሰው ስም፣ ከቤት የወጣበትን ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን ስልክና ገንዘብ የተላከበትን የሒሳብ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። የፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም፤ ድምፃችሁን ለማን እንደምትሰጡም አንጠይቅም። ምርጫውን ብንሸነፍም ደብተሩን ለሚመለከተው መንግሥት በደረሰኝ እናስረክባለን፤ የደረሰኙን ቅጂም በየጽሕፈት ቤቱ በር ላይ እንለጥፋለን።