ያልተቆጠረው ተከራይ

ቡራዩ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የግቢ በር ስታንኳኳ ብዙ ጊዜ የምትከፍትላት የቤቱ እመቤት ናት። የቤተሰብ ማኅደሩ በዚያ ቤት ስም ይከፈታል፤ የልጆቹ ክትባት፣ የእናትየው እርግዝና፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሁኔታ ይሰፍርበታል። ከጓሮ በተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች ግን አራት አምስት ተከራይ ቤተሰብ ይኖራል። አባትየው ገና በማለዳ ታክሲ ተሰልፏል፤ እናትየው ሥራ ሄዳለች፤ በሩ ተቆልፏል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የአዲስ አበባ ኪራይ የገፋቸው ሰዎች የሚያርፉባቸው ከተሞች ናቸው። የአገሪቱ የመጨረሻ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰበታም ቡራዩም 50 ሺህ ነዋሪ አይሞሉም ነበር። በ2011 ሊካሄድ የታሰበው ቆጠራ ተራዘመ፤ በየጊዜው የሚወጣው ትንበያም መነሻው ያው የ1999 ቁጥር ነው።

በአገሪቱ የጤና መመዘኛ መሠረት በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው፣ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለ500 አባወራ ይመደባል። የሰው ቁጥሩ ካነሰ መድኃኒቱም ባለሙያውም ያንሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጉድለቱ በሪፖርት ላይ ስኬት መስሎ መታየቱ ነው። 1,000 ሕፃናት አሉ ተብሎ 1,050 ቢከተቡ ሽፋኑ 105 በመቶ ይሆናል። 500 ሕፃናት ሳይከተቡ ቀርተው እንኳ ወረቀቱ ያጨበጭባል። የዕርዳታ ገንዘቡ ተቆጣጣሪ ደረሰኙን ከዕቅዱ ጋር ያመሳክራል፤ ዕቅዱን ከሰፈሩ ጋር የሚያመሳክር ግን የለም። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ የጤና ዕርዳታ ቁጥጥር ከሰው ቆጠራ ካልጀመረ ሒሳቡ የቱንም ያህል ቢጠራ ፍትሕ አያመጣም።

ደረሰኝና አገልግሎት እንደሚለያዩ ካወቅን ቆይተናል። ዓለም አቀፉ የጤና ለጋሽ ግሎባል ፈንድ በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ያወጣው የኦዲት ሪፖርት ኦዲተሮቹ ከጎበኟቸው 77 ጤና ጣቢያዎች 71 በመቶው ውኃ እንዳልነበራቸው አስፍሯል። ሕንፃው ቆሟል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፤ አዋላጇ ግን እጇን የምትታጠብበት የላትም። ያን ያወቁት ሄደው ቧንቧውን ስለከፈቱ ነው።

የዕርዳታው ገንዘብ የሚመጣበት መንገድም ነገሩን ያወሳስበዋል። በመንግሥት ግምጃ ቤት የሚያልፈውን ምክር ቤትና ዋና ኦዲተር ያዩታል። በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚመጣው የራሱ የሪፖርት ሥርዓት አለው። በድርጅቶች በኩል በቀጥታ የሚገባውን ግን የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አንዳንዴ የሚያውቀው ሲቋረጥ ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አድርጓል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበራት አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን የቀረው 80 በመቶ ማን ዘንድ እንደደረሰ አይነግረንም።

ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አዲስ አስተዳደር መዝገቡን እንደ አዲስ የመክፈት ዕድል አለው። ማኅደር በቤት ባለቤት ሳይሆን በምድጃ ይከፈት፤ የተከራይ በር ቅዳሜና እሑድ ወይም ማምሻውን ይንኳኳ፤ በጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ ተከራይ ይወከል። ኦዲተሩም ከሒሳብ ክፍል በፊት ከማኅደሩ መደርደሪያ ይጀምር። አንድ ግቢ ይምረጥ፣ ወደ ጓሮ ይለፍ፣ ስንት ምድጃ እንደሚጤስ ይቁጠርና ተመልሶ ስንት ማኅደር እንዳለ ይይ።