ከሆቴል ልምምድ በኋላ ወዴት?



ባለፈው ወር ከዐስር ሶላት በኋላ ቆሼ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ለዚያራ ሄደን ነበር። አባትየው ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልታገሡንም። «ልጄ የሆቴል ትምህርቷን ጨረሰች፤ ሦስት ወር ሆቴል ውስጥ አፓረንት ወጥታ ተመለሰች። አሁን ‹ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ሆነሽ ቀጥይ› ብለዋታል። እኔ ቅሪ እላለሁ፣ እናቷ ትግባ ትላለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?» አሉን። ልጅቱ ፍንጃሉን እየደረደረች አቀርቅራ ትሰማለች። የልጅቱን ሐሳብ ግን እስከዚያ ሰዓት የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኛም ብንሆን የጠየቅናት ሁለተኛው ቡና ከተቀዳ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ በዚህ ወር ዓምዳችን ልናነሣው ወደድን።

በመጀመሪያ፣ እንግዳ ማስተናገድ ለሙስሊም ባዕድ ሙያ አይደለም። በሱረቱ ዛሪያት የነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እንግዶች ታሪክ ተወስቷል። እንግዶቻቸውን «ትበላላችሁ ወይ?» ብለው አላስጨነቁም፤ ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ሄደው የሰባ ጥጃ አዘጋጅተው አመጡ፣ ምግቡንም ራሳቸው ወደ እንግዶቹ አቀረቡ። ዛሬ በሆቴል ትምህርት ቤት ብዙ ሰዓት ተወስዶበት የሚሰጠው የመስተንግዶ ሥርዓት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በአገራችንም ሙያው ሥር የሰደደ ነው። እቴጌ ሆቴል ከተከፈተ ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ደግሞ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያ ሲያወጣ ኖሯል።

አባትየውን ያስጨነቃቸው መጠጡ ነው። መጨነቃቸውም አግባብ ነው። በቲርሚዚና በኢብኑ ማጃህ በተዘገበው ሐዲስ ውስጥ በኸምር ምክንያት ከተወገዙት አሥር ወገኖች መካከል የሚጠጣው ብቻ ሳይሆን የሚቀዳውና የሚሸከመውም ተቆጥረዋል። መጠጥ በሚሸጥ ሬስቶራንት ውስጥ ያለ አስተናጋጅ ደግሞ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ ነጥብ አባትየውን አልተቃወምናቸውም።

ይሁን እንጂ ሆቴል ማለት ሬስቶራንት ብቻ አይደለም። ወላጆች ይህን ለይተው ባለማወቃቸው ልጆቻቸው ሦስትና አራት ዓመት የለፉበትን ሙያ በአንድ ቀን ሲያስጥሉ አይተናል። በአንድ ደረጃውን የጠበቀ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ አለ፣ የመኝታ ክፍል አያያዝ አለ፣ ላውንደሪ አለ፣ ወጥ ቤትና ዳቦ ቤት አለ፤ ከእንግዳ ዓይን ርቀው ደግሞ ግዢ፣ ስቶር፣ የወጪ ቁጥጥር፣ ሌሊቱን የቀኑን ሒሳብ የሚያመሳክረው ናይት ኦዲተር አሉ። ሒሳብ የሚወድ ወጣት ከልምምድ በኋላ ወደነዚህ ክፍሎች ቢያማትር መልካም ነው። ኮምፒዩተርና ቋንቋ ያላት ልጅ እንግዳ መቀበያን ትሞክር።

እነዚህም ቢሆኑ ከጥያቄ ነጻ አይደሉም። ክፍል የምታጸዳ ልጅ በአንዳንድ ሆቴሎች ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ማቀዝቀዣ ቆጥራ የጎደለውን መጠጥ እንድትተካ ትታዘዛለች፤ በሌሎች ሆቴሎች ለዚህ ብቻ የተመደበ ሌላ ሠራተኛ አለ። ኬክ ክፍል ውስጥ ሩም የሚገባባቸው ኬኮች አሉ። ስቶር ኪፐርም የሚረከበው ዱቄትና ዘይት ብቻ ላይሆን ይችላል። ከሒሳቡ ላይ የሚታሰበው 10 በመቶ የሰርቪስ ክፍያ ለሠራተኛው ሲከፋፈልም ከምኑ ሽያጭ እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ዓምድ ፈትዋ አይሰጥም። የሥራውን ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ ወደምታምኗቸው ዓሊም ሂዱ፤ «ሆቴል መሥራት ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ በጅምላ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስም የጅምላ ነው።

ይህን ሁሉ ለማጣራት ደግሞ ከልምምዱ ወራት የተሻለ ጊዜ የለም። ተለማማጅ የሆነ ሰው ክፍል ቀይሩልኝ ቢል ማንም አይገረምበትም፤ ከተቀጠረ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሒጃብና የደንብ ልብስ እንዴት እንደሚስማሙ፣ ሶላት የት እንደሚሰገድ፣ በረመዳን ኢፍጣር ሰዓት ላይ ማን ማንን እንደሚተካ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሆቴል እሑድ ስለማይዘጋ የዕረፍት ቀን ተራ በተራ ነው። እሑድን አጥብቆ የሚፈልግ ክርስቲያን ባልደረባ ሁልጊዜም ስለማይጠፋ ጁሙዓን የሚፈልግ ወንድም ከእርሱ ጋር መለዋወጥ ይችላል። በፋሲካ የእነርሱን ፈረቃ የሸፈነ ልጅ ዒድ ሲደርስ የሚሸፍንለት አያጣም።

ልምምዱ ሲያበቃ ባዶ እጅ አትውጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተለማማጅነት ውል ሲያበቃ አሠሪው የሠለጠኑበትን ሙያና የቆይታ ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ልጆች ይህን ወረቀት «በኋላ እወስደዋለሁ» ብለው ይተዉታል፤ ኃላፊው ሲቀየር የሚያስታውሳቸው አይገኝም። የብቃት ምዘናውንም እጃችሁ ሥራውን ሳይረሳ ተፈተኑ። ወደ ውጭ አገር ለሥራ በሕጋዊ መንገድ መሄድን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ከመመዘኛዎቹ አንዱ አድርጎታል። በዚሁ በ2011ዱ አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊሰናበት ስለሚችል «ተቀጠርኩ» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ስለ ሰፈራችንም አንድ ነገር እንበል። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ካለቁ ወዲህ ቆሼ የሚለው ስም በሰው ጆሮ ከዚያ ቀን ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። አንዳንድ ወጣቶች የሥራ ማመልከቻ ሲሞሉ አድራሻቸውን «አየር ጤና» ብለው እንደሚጽፉ አጫውተውናል። ስሜታቸው ይገባናል፤ ነገር ግን በፈረቃ ሥራ አድራሻ ሰርቪስ የሚመደብበት ጉዳይ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፣ የማታው እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። መኪናው አየር ጤና ላይ አውርዷት ቢመለስ የቀረውን መንገድ በሌሊት ብቻዋን የምትሄደው ልጅቱ ነች። እናቶችም ከደመወዙ በፊት የሰርቪሱን ነገር ይጠይቁ።

ለመቀጠር ያልፈለገ ወይም ያልቀናውም መንገድ አለው። የኒካሕ ድግስ፣ የዓቂቃ፣ የረመዳን ኢፍጣር በሰፈራችን የማይቋረጥ ሥራ ነው፤ መጠጥም የለበትም። ሁለት ሦስት የሆቴል ልጆች ተባብረው የምግብ ንጽሕናን፣ የወጪ ስሌትንና የሰዓት አክባሪነትን ይዘው ቢገቡበት ለሠርገኛ ቤተሰብም ዕረፍት ነው። የድግስ እናቶቻችን ወጥ እንደማይችሉ ማንም አይናገርም! ለ300 ሰው ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚበቃ በጽሑፍ አስልቶ፣ የተረፈውን ሳያበላሽ የሚያስረክብ ግን ጥቂት ነው።

ወደዚያች ልጅ እንመለስ። ሐሳቧን ስንጠይቃት «እኔስ ዳቦ ክፍል ነበር የምፈልገው፤ በልምምድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሠርቼበታለሁ፣ ሼፉም ወዶኝ ነበር» አለች። አባቷ ቀና ብለው አዩዋትና «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት። «መች ጠየቁኝ፣ አባባ?» አለች። በማግስቱ አባትና ልጅ አብረው ወደ ሆቴሉ ሄዱ። ዳቦ ክፍል ለጊዜው ክፍት ቦታ ስለሌለ ስሟና ስልኳ ተመዝግቧል፤ የልምምድ ምስክር ወረቀቷን ግን ማኅተም አስደርገው ይዘው ተመልሰዋል። እስከዚያው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለጎረቤት ኒካሕ 40 ኪሎ ዱቄት ተረክባ ዳቦ ልትጋግር መሆኑን በስልክ አጫውታናለች።