ፉል ስታክ ነን፤ ግን ስንት ሰው ነን?

ጎበዝ፣ የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ድርጅቶች የሚያወጡትን የሥራ ማስታወቂያ ልብ ብላችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? «ፉል ስታክ ፕሮዳክት ኢንጂነር» ይላል፡፡ ከሥሩ ዝርዝሩ ይከተላል፤ ገጹን የሚሠራ፣ ከጀርባ ያለውን ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ዳታቤዙን የሚጠብቅ፣ ክላውድ ላይ ሰርቨር የሚያቆም፣ ደንበኛ የሚያነጋግር፡፡ የአምስት ሰው ሥራ ተዘርዝሮ ሲያበቃ «ብዛት፦ 1» ይላል፡፡

ሁሉን ማወቅ አንጠላም፡፡ ደንበኛው ከሚነካው ቁልፍ እስከ ሰርቨሩ ድረስ መንገዱን የሚያውቅ ሰው የተሻለ ምርት ይሠራል፡፡ እኛን ያንገሸገሸን ብቻችንን መተዋችን ነው፡፡

አለቆቻችን የገነባው ራሱ ያስተዳድረው የሚል መፈክር ይወዳሉ፡፡ መፈክሩን እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት የአማዞኑ ቨርነር ቮግልስ ናቸው፡፡ እሳቸው ግን የተናገሩት ስለ ቡድን ነበር፡፡ እኛ ጋ መፈክሩ ሲገባ ቡድኑ ኤርፖርት ቀረ! የጎግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የሳይት ሪላያቢሊቲ ኢንጂነሪንግ መጽሐፍ፣ በአንድ ቦታ ያለ ቡድን ተረኝነትን በአግባቡ ለመወጣት ቢያንስ 8 መሐንዲሶች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ ተረኝነቱም ካሳ አለው፡፡ የእኛ ተረኛ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ካሳውም «በርታ» የምትል ቃል፡፡

ስህተት ሲፈጠርስ? እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2017 አንድ የአማዞን ሠራተኛ ትእዛዝ ሲያስገባ ተሳስቶ ከታሰበው በላይ ሰርቨሮችን አወጣ፡፡ ኤስ ስሪ የተባለው የፋይል ማከማቻ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሰዓታት ተቋረጠ፡፡ ኩባንያው መግለጫ ሲያወጣ የሰውየውን ስም አልጠቀሰም፤ ይልቁንም ያን ያህል ሰርቨር በአንዴ እንዳያወጣ መሣሪያውን ማስተካከሉን ተናገረ፡፡ በእኛ መንደር ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይባረርና መሣሪያው እንደነበረ ይቀጥላል፡፡ ከዚያ ሌላ «ብዛት፦ 1» ይለጠፋል፡፡

ሕጉ ደግሞ ዝም አላለም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራውም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል፡፡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ የወደቀ ሰርቨር ማንሳት ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው? «አንተ እኮ ሊድ ነህ» የሚል መልስም ሰምተናል፡፡ አዋጁ የሥራ መሪን እንደማይመለከት እናውቃለን፡፡ ግን የሚመራው ሰው የሌለው፣ መቅጠርም ማሰናበትም የማይችል ሰው የምን መሪ ነው?

«ድርጅታችን ትንሽ ነው፤ ስምንት ሰው ከየት እናምጣ?» የሚሉ አሉ፡፡ እውነታቸውን ነው፤ ማምጣት አይችሉም፡፡ እንግዲያው ለደንበኛ «24 ሰዓት እንሠራለን» ብለው አይፈርሙ! ትንሽ ድርጅት ትንሽ ቃል ይግባ፡፡ ዳታቤዙን በየሌሊቱ በሰው ከማስጠበቅ፣ የክላውዱ አቅራቢ ራሱ የሚያስተዳድረውን አገልግሎት ይግዛ፡፡ «ውድ ነው፤ በዶላር ነው» ይላሉ፡፡ አዎ፣ በዶላር ነው፡፡ የእኛ እንቅልፍ ግን በነፃ የሚቀርብ ሆኖ የተገኘው ማንም ደረሰኝ ስላልቆረጠለት ብቻ ነው፡፡

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላሉ አባቶቻችን፡፡ የምንጠይቀው ስምንት ሰው አይደለም፤ ለጊዜው ሁለተኛ ሰው፣ የተጻፈ የተረኝነት ሰሌዳ፣ የተከፈለ ሌሊት ነው፡፡ እስከዚያው ማስታወቂያውን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ «እኔ ስታመም ሰርቨሩን ማን ያነሳዋል?»