የጂንካ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ፦ ይገንባበት ወይስ ሜዳ ሆኖ ይቆይ?

ጂንካ ያደገችው በሣር ሜዳ ዙሪያ ነው። ለአሥርት ዓመታት ትናንሽ አውሮፕላኖች ከተማው መሐል ባለው የሣር ማኮብኮቢያ ላይ ያርፉ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለ ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አስፋልት ማኮብኮቢያ ያለው ኤርፖርት ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ከተሠራ በኋላ ግን ለበረራ የማያስፈልግ ሰፊ መሬት በከተማው እምብርት ቀረ። ለምን ይዋል የሚለው ጥያቄ ሁለት ጸሐፊዎችን ያሟግታል።

ይገንባበት

የጂንካ የመሬት ፍላጎት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨምሯል። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከተማዋ ከስድስቱ የክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። መሥሪያ ቤቱ ቢሮ፣ ሠራተኛው መኖሪያ፣ ተማሪው የኪራይ ክፍል ይፈልጋል።

መሐሉ ካልተነካ ከተማው የሚሰፋው ወደ ዳር ነው፤ ዳሩ ደግሞ ባዶ አይደለም። የአሪ ገበሬ እንሰት፣ ቡናና በቆሎ የሚያለማበት መሬት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለተነሺ ካሳ ይከፈላል፤ ሆኖም እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ጓሮው አይመለስም። ስለዚህ የመሐሉን ሣር ማትረፍ የዳሩን እንሰት ማስነቀል ይሆናል። መንገድና መብራት በደረሰበት ቦታ መገንባትም መስመር ወደ ዳር ከመዘርጋት ይረክሳል።

መሬት ያጠራት ሲንጋፖር ይህን ምርጫ አድርጋለች፦ የኬፔል ክለብ የጎልፍ ሜዳ የሊዝ ዘመን እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያበቃ ቦታውን ለመኖሪያ ቤት መድባዋለች።

ሜዳ ሆኖ ይቆይ

የኬፔል ሜዳ የአባላት ነበር፤ የጂንካው ሜዳ በር የለውም። ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የለንደኑ ቤከንሃም ፕሌስ ነው። የሉዊሻም ወረዳ አስተዳደር የሕዝብ ጎልፍ ሜዳውን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲዘጋ ቤት አልሠራበትም፤ ማንም የሚገባበት መናፈሻ አደረገው። ጂንካ ያን ዓይነት ቦታ አስቀድሞ አላት፤ አለማፍረስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

የእንሰቱ ክርክር ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ነገር ግን በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት የሚተላለፈው በጨረታና በምደባ ነው። የመሐል ከተማ ቦታ ለጨረታ ሲወጣ የሚያሸንፈው ሆቴልና የንግድ ሕንፃ የሚሠራ ባለሀብት እንጂ ቤት ያጣው አስተማሪ ወይም ነርስ አይደለም። እነሱ ያኔም ወደ ዳር ይሄዳሉ። ሜዳውም ይጠፋል፣ እንሰቱም ይነቀላል።

የአገሪቱ የከተማ ፕላን መርሕ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይላል። ሌሎች ከተሞች ይህን ለማሟላት የተገነባን ማፍረስ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ጂንካ ግን ያላትን መጠበቅ ይበቃታል። በቅዳሜ ገበያ አሪው፣ በናውና ሙርሲው በሚገናኙባት ከተማ ሳይከፍሉ የሚቀመጡበትና የሚሰበሰቡበት ቦታ ቅንጦት አይደለም።

ክፍት ቦታ ያልታሰበ ችግር ሲመጣም ያገለግላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ ሜዳው ለጥምቀትና ለስፖርት ተመለሰ። ጃንሜዳ ቀድሞ ተሸንሽኖ ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር።

ለቢሮ የሚሻው መሬት መሥሪያ ቤቶች አሁን በያዙት ግቢ ፎቅ በመሥራት ሊገኝ ይችላል። ሜዳው ግን በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ወሰኑ ተከልሎ የሕዝብ ክፍት ቦታ ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ከመጀመሪያው የጨረታ ማስታወቂያ መቅደም ይኖርበታል።