«በቀን 3 ጊዜ» የሚለው መድኃኒትና የረመዳን ሌሊት

ከመድኃኒት ቤት በሚሰጠን ትንሽ ከረጢት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ ነገር ነው፤ «በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ»። በሌሎቹ አሥራ አንድ ወራት ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። በረመዳን ግን ቀኑ ይገለበጣል። ዋናው ምግብ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ጎህ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪምም ሆነ የሰጠው ፋርማሲስት «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ታማሚው ለራሱ ሐኪም መሆን ይጀምራል። አንዱ የቀትሩን ይተወዋል። ሌላው የቀትሩን ከሱሑሩ ጋር ደርቦ ሁለት ይውጣል። ሦስተኛው ደግሞ «አላህ ያሽረኛል» ብሎ ወሩን ሙሉ ያቆመዋል።

በዚህ ወር ስለ ጾምና ጤና ሲወራ ብዙው ወሬ ስለ ምግብ ነው፤ ተምር ስንት ይበላ፣ ሳምቡሳው ዘይት በዛበት፣ ውሃ ስንት ብርጭቆ ይጠጣ። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወገቡን ለሁለት ዓመት የታመመው ሹፌር፣ ጉልበቷ ለሱጁድ አልታጠፍ ያላት እናት፣ እግራቸው በስኳር ሕመም ምክንያት ሌሊት እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው አዛውንት ጥያቄያቸው ሌላ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ሕመሙን ያብሰዋል፤ ለማስታገሻ የሚዋጠው ኪኒን ደግሞ የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። ረመዳን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል።

እስቲ ሌሊቱን እንቁጠረው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የጾሙ ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙ አይለዋወጥም፤ ከ13 ሰዓት ብዙ አይርቅም። የቀረችው ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ናት። በዚያች ውስጥ ኢፍጣር አለ፣ መግሪብ አለ፣ እራት አለ፣ ዒሻና ተራዊሕ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሱሑር አለ። ተራዊሕ ሰግዶ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ቤቱ የሚገባ ሰው አረፍ ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተጫውቶ አምስት ሰዓት ቢተኛ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ለሱሑር ሲነሳ የተኛው አምስት ሰዓት ነው። ሱሑሩን የምታዘጋጀው ሴት ግን ከሁሉም በኋላ ተኝታ ከሁሉም በፊት ትነሳለች። የእሷ ሌሊት አራት ሰዓት ቢሞላ ነው። በብዙ ቤት የጉልበትና የወገብ ሕመም ያለባት ደግሞ እሷው ናት።

የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው የሚመክሩት ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ሕመም እንቅልፍ እንደሚነሳ ማንም ያውቃል፤ ብዙም የማይነገረው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የጥናቶች ቅኝት ያሳየው፣ ዛሬ ሌሊት የጎደለ እንቅልፍ የነገን ሕመም የሚተነብየው፣ የዛሬ ሕመም የዛሬ ሌሊትን እንቅልፍ ከሚተነብየው ይልቅ መሆኑን ነው። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። አንጎላችን ከሰውነት የሚመጣውን የሕመም መልእክት የሚያለዝብበት የራሱ መንገድ አለው፤ እንቅልፍ ሲጎድል ይህ መንገድ ይዳከማል። በደም ውስጥ የብግነት ምልክቶችም ይጨምራሉ። ስለዚህ በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት «ወገቤ ባሰብኝ፤ ጾሙ ነው» የሚል ሰው፣ የባሰበት ከምግቡ ይልቅ ከእንቅልፉ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር አለበት። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ተቀብሎታል። «እርጅና ነው» ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ቢኖር እንኳ መዝገቡ ከታማሚው ጋር ነው።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንመለስ። በየሰፈሩ በብዛት የሚዋጡት የሕመም ማስታገሻዎች ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ናቸው። ብግነትን ይቀንሳሉ፤ ውለታቸው አይካድም። ዕዳቸው ግን ሦስት ቦታ ላይ ነው። የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፤ ቁስለትና መድማት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ይቀንሳሉ፤ ለጾመኛ አሳሳቢው ይኼኛው ነው። ውሃ የጠገበ ሰው ኩላሊት ይህን ይችለዋል። ሱሑር ላይ ዳይክሎፌናክ ውጦ በቆላ ፀሐይ ግንባታ ላይ የሚውል ሰው ኩላሊት ግን በቀትር ምን ላይ እንዳለ አስቡት።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ሰውየው የደም ግፊት ታማሚ ቢሆንና ኢናላፕሪልን ከሚያሸና መድኃኒት፣ ለምሳሌ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ከፉሮሴማይድ ጋር የሚወስድ ቢሆን፣ በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ ሲጨመርበት ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙት ይችላሉ። ሐኪሞች ይህን ጥምረት በደንብ ያውቁታል። ችግሩ ሦስቱን አንድ ሰው አለማዘዙ ነው፤ የግፊቱን ጤና ጣቢያው፣ የወገቡን የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ይሰጣል። ሽንት ማነስና መጥቆር፣ የእግር ማበጥ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ የታየበት ሰው መግሪብን ሳይጠብቅ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ፓራሲታሞል ለረመዳን ሌሊት የተመቸ ነው። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒኖች፣ ማለፍ የለበትም። በሁለት መጠን መካከልም ቢያንስ 4 ሰዓት መኖር አለበት። ኢፍጣር ላይ፣ ሲተኛና ሱሑር ላይ ሁለት ሁለት የወሰደ ሰው ስድስት ኪኒን ነው የወሰደው፤ «በቀን 3 ጊዜ» የሚለው ትእዛዝ ሳይፈርስ ጾሙ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ አይመችም። ዳይክሎፌናክ የግድ ከሆነ፣ በዝግታ የሚለቀቀውንና በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ዓይነት ከኢፍጣር ምግብ ጋር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፤ የምሽቱ ውሃ ከኋላው ይከተላልና። ለጨጓራ መከላከያ የተሰጠ ኦሜፕራዞል ደግሞ ከምግቡ በኋላ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው የሚሠራው። በብዙ ቤት ግን ሁሉም ኪኒን አንድ መዳፍ ላይ ተሰብስቦ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይወርዳል።

ለነርቭ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን የማታ መድኃኒት ነው። ሕመሙንም ያለዝባል፣ እንቅልፍም ያመጣል። በሌላ ወር ማታ ሦስት ሰዓት ወስደው ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ይነሱ የነበሩ ሰው፣ አሁን ከተራዊሕ በኋላ አምስት ሰዓት ወስደው አሥር ሰዓት ሲቀሰቀሱ መድኃኒቱ ገና መሐል ላይ ነው። ደንዝዘው ይነሳሉ፤ አፋቸው ይደርቃል፣ ያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ጥም ይሆናል። ኪኒኑን ወደ ኢፍጣር ማስጠጋት ለአንዳንዱ መፍትሔ ነው፤ ለሌላው ተራዊሕ ላይ ያንገዳግደዋል። ትራማዶልና ዲያዜፓም ከበድ ያሉ ናቸው። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ አተነፋፈስን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ ሌሊት በጨለማ ለውዱእ የሚነሳን አዛውንት ይጥላሉ፤ ሱስም ያስይዛሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ሰው ካለ ጥፋተኛ ነው፤ ሱሑር ላይ ተነስቶ ለሁለት ሰዓት እንቅልፍ ብሎ ዲያዜፓም የሚውጠው ደግሞ ራሱን ነው የሚጎዳው።

የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ራስ ምታት ለብቻው ይታይ። በአገራችን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቡና ነው። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። በሻዕባን ስኒውን ቀስ በቀስ የቀነሰ ሰው ይህን አያይም። ከኢፍጣር በኋላ ሦስቱንም ስኒ በአንዴ ማካካስ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ ከመተኛት 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። በድሬዳዋና በሐረር ሌሊቱን በጫት የሚያነጉ ሰዎች የእንቅልፋቸውን ሒሳብ እኔ ባልሠራው ይሻላል። ለራስ ምታት ማስታገሻ የሚያዘወትሩም ይጠንቀቁ፤ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የተዋጠ ተራ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ይፈጥራል።

የስኳር ታማሚዎች ጉዳይ በሌሎች ጽሑፎች ብዙ ተብሎበታልና በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ውስጥ 79 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን እንደጾሙ፣ ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር ማነስም በረመዳን በእነዚሁ ላይ 7 ነጥብ 5 ጊዜ እጥፍ እንደጨመረ አሳይቷል። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ያነበበ ሰው ጾሙን እንዲፈታ ነው መመሪያው። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ይህን የማያውቅ ሰው አሁንም አለ።

ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ የሃይማኖት ነው፤ ታማሚውም በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለዚሁ ነው። የሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመና ለመንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ ያስቀምጣሉ፤ የሚድን ሰው ቀዷውን በሌላ ቀን ያወጣል፣ የማይድን ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ደግሞ በፊድያ ድሃ ያበላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ለምግብነት ያልሆነ መርፌ፣ በቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒትና የሚለጠፍ ፕላስተር ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ስለዚህ ጉልበቷን የሚያማት እናት በቀትር ቅባቷን መቀባት ትችላለች፤ ቅባት ደግሞ ከኪኒን ይልቅ ለጨጓራና ለኩላሊት የቀለለ ነው።

በእኔ እይታ ክፍተቱ ከእውቀት ይልቅ ከቀጠሮ ነው። የስኳር ሕመምና ረመዳን ዓለም አቀፍ መመሪያ ታማሚው ከጾሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲታይ ይላል፤ ይህ ማለት በረጀብ ወር ነው። የክትትል ታማሚ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በሚቀጠርበት ጤና ጣቢያ፣ ከረመዳን በፊት ያለችውን አንዲት ቀጠሮ የመድኃኒት ሰዓት ማስተካከያ ማድረግ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙባቸው በእነዚህ ዓመታት ጥያቄው የሙስሊሙ ብቻም አይደለም፤ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ የሚቆየው ክርስቲያን ያው የጠዋት ኪኒን አለው። ዋጋውም አለ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ውድ ሆኗል፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚበቃው ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተራው ይወደዳል። ለድሃው «ወደ አንድ ጊዜው ቀይር» የሚለው ምክር ያለ ገንዘብ ባዶ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንም እዚህ ውስጥ አሉ። ለእነሱ ረመዳን የሥራው ጫፍ ነው፤ የኢፍጣሩ ድግስ አልቆ ሳህኑ ሳይደርቅ ሱሑሩ ይቀርባል። ከአገር ቤት ማስታገሻ የምትልኩላቸው ቤተሰቦች ትራማዶል እንዳትልኩ፤ በዚያ አካባቢ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለና ሊያሳስር የሚችል መድኃኒት ነው።

የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲመጡ ለለይለተል ቀድር ሲባል ያቺ አምስት ሰዓትም ትቀንሳለች። ሕመም ያለበት ሰው ቀን ከዙህር በኋላ ቀይሉላውን፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን እንኳ፣ አይልቀቅ። ቤቱ ውስጥ ያሉ ወንዶች ልጆችም በእነዚያ ሌሊቶች ሱሑሩን ማሞቅ ይችላሉ። ጉልበቱ እምቢ ያለው ወንበር ላይ ይስገድ። የዒድ ቀን ደግሞ ሰዓቱ እንደገና ይገለበጣል፤ ዋዜማውን ማታ ከኢፍጣር ጋር የ24 ሰዓቱን ዳይክሎፌናክ የወሰደ ሰው በማግስቱ ከዒድ ሶላት ሲመለስ ቁርስ ላይ ሌላ እንዳይደርብ፣ የሚቀጥለውን እስከ ማታ ያቆየው።